ከበሩ በኩል የጀመረው ጽዋ

ጤናዬ ያን የሸክላ ጽዋ በአመድ ስታሸው ወንድሙ የሚባለው ባሏ ደረሰባት። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሌሊቱን የወረደው ዝናብ ጓሮውን አጨቅይቶታል፤ እሷ እንሰቱ ሥር ቁጢጥ ብላ ከምድጃ የዛቀችውን አመድ በእፍኟ ይዛ የጽዋውን ሆድ ትታ አፉን አፉን ትፈትጋለች። ታለቀልቀዋለች፣ ታሸተዋለች፣ እንደገና አመድ። ሌሎቹ ኩባያዎች ውሃ ብቻ ነካ አድርጓቸው አጥሩ ላይ ተደፍተዋል። ወንድሙ ፊቱን ሊታጠብ ጣሳ ይዞ ወጥቶ ትንሽ ቆመና፣ «የጠጣበት ሰው በሽታ አለበት እንዴ?» አላት። «ኧረ ምንም የለበት» አለች። ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም። በዚያ ቤት ወጉ እንደዚህ ነው፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታውም ቤተኛ ስለሆነ ቁርስ ላይ ቦታ ይለቀቅለታል።

በሽታ ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር። በሽታ ለሰው ይነገራል። በዚያ ጽዋ በየቅዳሜው መጨረሻ ላይ የምትጠጣው ማርያም ናት፤ ማርያም ደግሞ ማና ናት። በጅንካ ዙሪያ ባለው አገር ማና የሚባለው ሸክላ የሚሠራው ወገን ነው። ገበሬው ወገን እነሱ በሠሩት ድስት ይቀቅላል፣ በገንቧቸው ውሃ ይቀዳል፤ እነሱን ግን ከደጁ አያሳልፋቸውም፣ አፋቸው የነካውንም ዕቃ አፉ አያስነካም። እጃቸው የሠራው ንጹሕ፣ አፋቸው የነካው ርኩስ። ይሄ እንዴት ይሆናል ብሎ የጠየቀ ልጅ መልሱ ቁንጥጫ ነው። ጤናዬ የገበሬ ልጅ ስለሆነች ቁንጥጫዋን በጊዜዋ ቀምሳለች። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚድነው በአንድ ጸጋ ነው ብላ ቆማ መስክራለች፣ አልቅሳም ዘምራበታለች። ማርያምንም «እህቴ» ትላታለች። አመዱ ግን ከእጇ አልወጣም። ማርያም ሁልጊዜ በሩ አጠገብ እንድትቀመጥ ዱካውን የምታስቀምጠውም እሷ ናት፤ የጌታ እራት ጽዋው ከጓዳ በኩል ተነሥቶ ሲዞር መጨረሻው በሩ ነዋ። እንዲህ አድርጋ እግዜርንም ወጉንም ያስታረቀች ይመስላታል።

ጸሎት ቤታቸው በአብዮቱ ትእዛዝ ከታሸገ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። የጸሎት ቤቱ የብረት ጽዋ እዚያው ውስጥ ቀርቶ፣ ቤቱም የቀበሌው ኅብረት ሱቅ የበቆሎ መጋዘን ሆኖ፣ አይጦቹ ናቸው አሁን ምዕመኑ። አማኞቹ የሚገናኙት ቅዳሜ ነው፤ የገበያ ቀን ሰው በሰው ላይ ስለሚፈስ ማን የማን ቤት ገባ የሚል የለም። ሸክላ ለማየት የመጡ መስለው ይገባሉ፣ ድስት አንጠልጥለው ይወጣሉ። ጤናዬ ቤት ድስት ገዝተው ገዝተው የማያልቅላቸው ሰዎች ናቸው። ወንድሙ ያውቃል። እሱ ከሸዋ በሥራ የመጣ፣ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰዓቱ ከቤት ይወጣል፣ ዞር ብሎም አያይም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል ነግሯታል፤ «ከታሰርሽ ስንቅ አላቀብልም። ስምሽንም አላውቀው።» ባለፈው ዓመት በእምነቱ ታስሮ የወጣ አንድ የአልዱባ መንደር ሰው እስካሁን በእግሩ ጠርዝ ነው የሚራመደው፤ ውስጥ እግሩ መሬት ሲነካ ፊቱ ይጨማደዳል። ጤናዬ መንገድ ላይ ባየችው ቁጥር የራሷ ውስጥ እግር ይለበልባታል።

ረፋዱ ላይ ማርያም ሸክላዋን በጀርባዋ አዝላ ደረሰች። ዕድሜዋ ከጤናዬ ብዙ አይበልጥም፤ ሸክም ነው አሮጊት ያስመሰላት። እንደ ደንቡ ደጅ ቆማ ተጣራች፣ ጤናዬም እንደ ደንቡ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ ተከራከረቻት። ድስቱ ስንት ነው፤ ብር ከሃምሳ፤ ውይ ብር ከሃምሳማ አውሮፕላን ይገዛል፤ በይ ብር ከሃያ አምስት። ሁለቱም ሥራቸውን ችለውታል። «አንቺ ሸክላ፣ እስቲ ወደ ደፉ አስጠጊውና ልየው» አለች ጤናዬ፣ እንደ ኮራች ገዢ። የሚያይ እንደሌለ አረጋግጠው በሩን ሲያልፉ ድምጿ ተለወጠ፤ «ግቢ እህቴ።» ማርያም ገብታ ቦታዋ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጽዋው ከፊቷ ነበር። ራሷ የሠራችው ነው፤ ከመተኮሱ በፊት ከነሪ ወንዝ ባመጣችው ለስላሳ ጠጠር አሽታ እንዲያበራ አድርጋው ነበር። አነሣችው። አውራ ጣቷን አፉ ላይ አዞረች። ሆዱ ያበራል፣ አፉ ግን እንደ ተላጠ ቆዳ ሻክሯል። ጤናዬን አየቻት። ጤናዬ ዳቦውን የምትሸፍንበት ጨርቅ ጠፍቶባት ትፈልግ ነበር፤ ጨርቁ ትከሻዋ ላይ ነው። ማርያም ጽዋውን ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ዶላሞ መጨረሻ ላይ ከቡና ከረጢቱ ጋር መጣ። ሽማግሌያቸውና አስተማሪያቸው እሱ ነው። ከደጋው ቡና ሊሸጥ የወረደ ገበሬ ይመስላል፤ ነውም። አማርኛው በአገሩ ቋንቋ በአሪኛ መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ግን ሲደርስ ደርሶ ነው። መዝሙሩን በከንፈራቸው ብቻ ዘመሩት፤ ድምፅ የሌለው መዝሙር እንዴት እንደሚያስፈራ የዘመረ ያውቀዋል፣ አሥር ሰው አፉን ከፍቶ የሚሰማው የዝንብ ድምፅ ብቻ ነው። ዘቢብ ከየት ይመጣል፣ ጽዋው ውስጥ ያለው ብርዝ ነው። ዶላሞ ስለ መዳን ነገራቸው። ጌታ ታጥባችሁ ኑ እንዳላለ፣ እንዳላችሁ ኑ እንዳለ፤ ማጠቡ የእሱ ሥራ እንደሆነ፤ ሰው ይሄን በልቡ ካመነ በአፉ ደግሞ እንደሚመሰክር፤ የአፍ እውነት የሚታየው ሲጨንቀው እንደሆነ። ይሄን ሲል ማንንም አላየም። ከዚያ ጽዋውን አነሣና ከጓዳ በኩል በመጀመር ፈንታ ተሻግሮ ወደ በሩ ሄደ። «ዛሬ ከበሩ በኩል ይጀመር» አለ። ለማርያም ሰጣት።

ማርያም ጠጣች። ከማርያም ቀጥሎ በር ጠባቂዋ ጤናዬ ናት። ጽዋው መጣ። ተቀበለችው። የጽዋው አፍ ላይ የማርያም ከንፈር የነካው ቦታ እርጥብ ሆኖ ያበራል። ጤናዬ ጽዋውን ልታዞረው፣ በሌላው ጠርዝ በኩል ልትጠጣ አሰበች። ሌላው ጠርዝ የቱ ነው፣ ክብ ነው እንጂ። ሰው ሁሉ ይጠብቃታል። ዓይኗን ጨፈነች፣ ጌታ ሆይ አለች፣ እጇም አልነሣላት አለ። ልክ ያኔ በሩ በእግር ተገፋ።

መኮንን ነው፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ። ካኪ ለብሷል፤ ምንሽር ጠመንጃውን እንደ መጥረቢያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። የጤናዬ አገር ልጅ ነው፣ እሱም የገበሬ ወገን፤ ትንሽ ሳለ በቆሎዋን ሰርቆ ያባረረችው። ሰዎቹ ድስት ድስቱን አነሱ። አንዷ ሴትዮ ገንቦ ውስጥ አንገቷን ልትከት ምንም አልቀራትም።

«ምንድን ነው ስብሰባው፣ እትዬ ጤናዬ? ቀበሌ ሳያውቅ?»

«ሸክላ ነው፣ ጓድ መኮንን። ገበያው ጭቃ ሆኖ እዚሁ እንይ ብለን።»

መኮንን ሸክላውን አየ፣ ሰዎቹን አየ። ዳቦው ተበልቷል፤ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም፣ ዶላሞ በቃሉ ነው የሚያስተምረው። ሊመለስ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወርዶ ከበሩ ወዲህ፣ ከደፉ ውስጥ፣ ዱካ ላይ የተቀመጠችውን ማርያም አገኛት። ከንፈሯ ላይ የብርዝ ጠብታ አለ። ከእሷ ወደ ጤናዬ እጅ፣ ወደ ጽዋው ሄደ። ፈገግ አለ። ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ የመኮንን ቁጣ ይለመዳል፣ ፈገግታው ግን የሰው አከርካሪ ላይ ውሃ ያፈሳል።

«ማናዋ ጠጥታበታለች አይደል?» አለ። «እንግዲያ ጠጪው። ሸክላ ገዢ ከሆንሽ እንደማትጠጪው አውቃለሁ፤ ደህና ዋይ ብዬሽ እሄዳለሁ። ከጠጣሽው ግን እዚህ ከተማ ከማና ጋር ጽዋ የሚቀባበል ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጴንጤ ብቻ ነው።» ከዚያ ራሱን ታዘበ መሰለኝ፣ ትንሽ ሳቀ። «ሰው ሁሉ እኩል ነው ብዬ ስብሰባ ላይ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ስብሰባ ሌላ፣ ጉሮሮ ሌላ።»

ጤናዬ የአልዱባውን ሰውዬ እግር አሰበች። የወንድሙን ጫማ ማሰሪያ አሰበች። እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሕይወት በእሷ አፍ ላይ ነው። እና አፏ ሳትልከው ተናገረ።

«እኔ? የማን ልጅ መሰልኩህ፣ ማና የጠጣችበትን የምጠጣ?»

አፍንጫዋ ተነፋ፣ ከንፈሯ ወደ ታች ተጣመመ፣ ጽዋውን በሁለት ጣት ይዛ መሬት አስቀመጠችው። ክፋቱ ይሄ ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ፊቷ ያስታውቅባት ነበር። መኮንን ፊቷን አየና አመናት። እናቱም እንዲህ ነው የምታደርገው፣ አያቱም። ሳቀ። እንግዲህ ይቺኛዋስ ምን ልትሠራ ገባች ብሎ ወደ ማርያም ዞረ፤ ዝናብ ነው በዪ፣ ተሳስቼ ነው በዪ የሚል ዓይነት አጠያየቅ ነበር፣ ጨካኝ ቢሆንም ሰነፍም ነው፣ ገበያ መሃል ሰው እየጎተተ መሄድ አይወድም።

«ጴንጤ ነሽ?»

«እኔ ድኛለሁ» አለች ማርያም።

«ከምን?»

የማርያም አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ብር ከሃምሳ፣ አይሰበርም፣ ውሃ አያፈስም። ቃል ስትፈልግ ቆየች። ከዚያ አገኘችው።

«ደጅ ከመቆም።»

የመኮንን ፈገግታ ጠፋ። ተነሺ አላት። ተነሣች። ሸክላዋን ልታዝል ስትጎነበስ ተዪው አላት፣ ተወችው። በጤናዬ አጠገብ ስታልፍ ቀሚሷ ነካት፤ አላየቻትም፣ ወይም አይታት ይሆናል፣ ቀና ብላ ማን አጣራ።

እግራቸው ከራቀ በኋላ ሰዎቹ እንደገና መተንፈስ ጀመሩ። ገንቦዋን ያቀፈችው ሴትዮ ጤናዬን እቅፍ አድርጋ ሳመቻት፤ «ጌታ በአንቺ አተረፈን እኮ» አለች እያለቀሰች። ሌሎቹም አሜን አሉ፣ በከንፈር ብቻ። ዶላሞ ብቻ አሜን አላለም። እሱም መኮንን ቆሞ ሳለ ድስት ይዞ ነበር፣ እንዲያውም ክዳኑን ገጥሞ አይቶታል። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ ወጣ፣ የቡና ከረጢቱንም እዚያው ረሳው። ጤናዬ ባዶ ቤት ውስጥ ከሸክላው ጋር ቀረች። ጽዋው መሬት ላይ ነው፣ ግማሽ ብርዝ ይዞ። ማጠብ አለብኝ አለች። አልተነሣችም።

ወንድሙ ለምሳ ከሌላው ቀን ቀድሞ መጣ። ወሬው ደርሶታል፤ ጅንካ ወሬ ከአውሮፕላን ይቀድማል። ኪሎ ስኳር ይዟል፣ ከኅብረት ሱቅ ያለ ወረፋ የሰጡት። የቀበሌው ሰዎች በመንገድ አስቁመው ሚስትህ የጨዋ ልጅ ናት፣ ማናዋን ልክ አገባቻት ብለውታል። ይሄን ሲነግራት ድምፁ እንደ ሙሽራ ነበር። ጎደሬውን በወጥ እያጠቀሰ ጠግቦ በላ፣ እጁንም ዘርግቶ ትከሻዋን ነካ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «አሁን እፎይ አልን» አለ። «ዳንን።» ጤናዬ የመኮንን ጥያቄ መጣባት። ከምን? ማርያም ቃል ፈልጋ ያገኘችበትን ቦታ እሷም ፈለገች። ቃሉ ሞልቷት፣ መዝሙሩ ሞልቷት፣ ምንም አላገኘችም። ከእስር ተርፋለች፤ ከዚያ ውጪ ጠዋት ከነበረችበት፣ ከአመዱ አጠገብ፣ ንቅንቅ አላለችም። ጽዋውን አየችው። ጉንዳኖች ብርዙን አግኝተውት በጠርዙ ላይ ተሰልፈዋል፣ ማርያም በጠጣችበትም ባልጠጣችበትም በኩል፣ እኩል።

ተነሥታ ጉንዳኖቹን አራገፈች። ጽዋውን በውሃ ለቀለቀችው፣ በውሃ ብቻ። አዲስ ብርዝ ሞላችው፤ የተረፈውን ጎደሬ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለች። ወንድሙ ከንፈሩ ላይ ስኳር እንደያዘ አያት።

«ወዴት?»

«ስንቅ ላደርስ።»

ለማን ብሎ አልጠየቀም። «እኔ ያልኩሽን ሰምተሻል» አለ።

«ሰምቻለሁ» አለች። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ዝምታው እስከ በሩ ሸኛት።

መንገዱ በአውሮፕላን ሜዳው በኩል ነው። ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ይመጣል ተብሎ ዘበኛው ከሣሩ ላይ ከብቶቹን በዱላ ያባርራል፤ ሰው ዳር ዳሩን ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጤናዬ ብርዙ እንዳይፈስባት ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ በመሃላቸው አለፈች። ስንቅ ብቻ ነው የማደርሰው፣ ስንቅ ማድረስ ወንጀል አይደለም፣ ሰጥቼ እመለሳለሁ እያለች ራሷን ስትሸነግል ሄደች። ፍርሃቷ ግን ከራሷ ብልጥ ነው፣ አንዱንም አላመነላትም።

የቀበሌው እስር ቤት በር ላይ ስንቅ አቀባዮች ተሰልፈዋል። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ መርዝ እንዳይኖርበት ያመጣው ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፣ እስረኛው በሩ ላይ ወጥቶ ይበላል፣ ዕቃ ወደ ውስጥ አይገባም። መኮንን በሩ ላይ ነበር። ሲያያት ደስ አለው፤ ለማናዋ ነው? ደግ ነሽ እኮ፣ የጨዋ ልጅ ምጽዋት ያምርባታል፣ በይ ቅመሺ አላት። ጎደሬውን ገመጠች፣ ብርዙን ጎንጨት አለች። ማርያም ተጠራች። ነጠላዋ የለም፣ አንድ ጉንጯ አብጧል፤ በእግሯ ግን ደህና ትረግጣለች፣ ገና ነው። ቆማ ጎደሬውን በላች። ጽዋውን አንሥታ ገና ሳትጠጣ በአውራ ጣቷ አፉን ዳሰሰችው፣ ከዚያ እስከ ግማሽ ጠጣች። መኮንን ዕቃውን ከእጇ መቀበል አልፈለገም፣ መሬት አስቀምጪው አላት። በሁለቱ ሴቶች መካከል አስቀመጠችው።

«ጠጥቼበታለሁ» አለች ማርያም ዝግ ብላ። «እዚህ አመድ የለም።»

ቂም አልነበረበትም። ለገዢዋ ድስቱ የቱ ጋ ስንጥቅ እንዳለው በሐቅ እንደምትነግር ነው የነገረቻት። ጤናዬ ጎንበስ ብላ ጽዋውን አነሣች። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ከወደ ሜዳው የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። ደፍታው ብትመለስ ማንም ምንም አይላትም፤ ቤቷ አለ፣ ስኳሩ አለ፣ ባሏ ትከሻዋን ነክቷታል። እርጥቡን ቦታ ፈለገችና አገኘችው። ከንፈሯን እዚያው ላይ አድርጋ ጠጣች። ቁንጥጫው ከልጅነቷ ድረስ መጥቶ ጭኗን ለበለባት፣ ግን ጠጣች፣ እስከ አተላው። ርኩስ የሚባለው ጣዕም የቱ ጋ እንዳለ ብትፈልግ ብትፈልግ ማርና ሸክላ ብቻ ነው ያገኘችው።

መኮንን መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ እሺ አላለውም። ሰልፉን አየ። ሰልፉም አየው። ዝም ብሎ ቢያሳልፋት ከነዚህ ሴቶች አንዷ ነገ ቀበሌ ገብታ የምትለውን ያውቃል፤ እሱም የሚፈራቸው አሉት።

«እትዬ ጤናዬ፣ ጠዋት ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ጠዋት ጠጪ ያልከኝን ነው የጠጣሁት» አለች። ሰልፉ ሁሉ ሰምቶታል።

መኮንን ምንሽሩን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ በሩን በክርኑ ገፋው።

«ግቢ። ዕቃው ግን አይገባም።»

ጤናዬ ጽዋውን ከበሩ ምሰሶ አጠገብ አስቀመጠች፣ እንዳይወድቅ በጠጠር ደገፍ አደረገችው። ማርያም እጇን ያዘቻት፣ ሁለቱም ገቡ። በሩ ሲዘጋ ደጅ የቆመው ጽዋው ብቻ ነበር።